የበረሓ አንበጣ የሚኖርበት ሥፍራና የመልኩ መለዋወጥ

ለገበሬዎችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

በአገራችን አንበጣን በስም የማያውቅ ገበሬ የለም። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ፀሐይን ጋርዶ የሚመጣውን፥ በአንድ ቀን ማሽላውን አገዳ ብቻ አስቀርቶ የሚሄደውን መንጋ ነው። ያው አንበጣ መንጋ ከመሆኑ በፊት በቆላው ሣር ውስጥ ተሸሽጎ፥ ቅጠልና አሸዋ መስሎ፥ ይህ ነው የሚባል ጉዳት ሳያደርስ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት የሚኖር ፍጥረት መሆኑን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ አንበጣው ተሸሽጎ ሲኖር የት እንደሚገኝና ምን እንደሚመስል፥ መሸሸጉንም ሲተው መልኩ እንዴት እንደሚለወጥ እናስረዳለን። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አደጋውን ገና በመሬት ላይ ሲዘል፥ ክንፍ ሳያወጣ ሊያየው ይችላልና።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በየማሳው ዳር የምናየው ፌንጣ ብዙ ዓይነት ነው። አንበጣም በዘሩ ከፌንጣዎች አንዱ ነው፤ ከሌሎቹ የሚለየው ሲበዛ መንጋ ሠርቶ በአንድነት መጓዙ ነው። ክንፍ ያላወጣውን ልጁን ኩብኩባ እንለዋለን። የቀደሙት ሰዎች ነገሩን ልብ ብለውት ኖሯል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 1 አንበጣ፥ ደጎብያና ኩብኩባ እየተባለ እያንዳንዱ በየስሙ ተጠርቷል። እኛ እዚህ የምንናገርለት ሊቃውንት ሺስቶሰርካ ግሬጋሪያ የሚሉትን የበረሓ አንበጣ ነው።

አንበጣው የሚኖርበት ሥፍራ

የበረሓ አንበጣ መንጋ በማይሠራበት ዘመን የሚኖርበት አገር እጅግ ሰፊ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ በሰሐራ፥ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ፥ በዓረብ ምድር አልፎ እስከ ሕንድ የተዘረጋ፥ ስፋቱ 16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ደረቅ ምድር ነው። በአብዛኛው በዓመት የሚዘንብበት ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በአገራችን አፋር፥ የሶማሌ ቆላና የድሬዳዋ ዙሪያ ሜዳዎች ይስማሙታል። ደጋው አይመቸውም፤ ብርዱን አይችለውምና ብዙውን ጊዜ ከ2000 ሜትር በላይ አይወጣም።

ሆኖም ቆላ ሁሉ፥ አሸዋ ሁሉ አንበጣ አለበት ማለት አይደለም። አንበጣው ሥፍራ ይመርጣል፤ ምርጫውም የሚጀምረው ከእንቁላሉ ነው። ሴቷ የሆዷን ጫፍ እየዘረጋች አሸዋውን ትበሳና ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ጥልቀት ላይ እንቁላሎቿን በአንድነት አጣብቃ ታኖራለች። ከላይ ያለውን ቀዳዳ በአረፋ ትደፍነዋለች፤ አረፋው ሲደርቅ እንደ ውታፍ ይሆናል። የሚፈለፈሉት ኩብኩባዎችም ወደ ላይ የሚወጡት በዚሁ በኩል ነው። እንቁላሉ ሲጣል የያዘው ውኃ ለዕድገቱ ስለማይበቃው በዙሪያው ካለው አሸዋ እርጥበት መምጠጥ አለበት። ስለዚህ ሴቷ አሸዋው ከሥሩ እርጥብ መሆኑን ሳትፈትሽ አትጥልም፤ አንዳንድ ጊዜ ከበሳች በኋላ ደረቅ ሆኖ ብታገኘው ጥላው ትሄዳለች። ለዚህ የሚበቃ እርጥበት የሚገኘው ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚያህል ዝናብ ሲዘንብ ወይም ከተራራው የወረደ ጎርፍ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲተኛ ነው።

እንቁላሉ የሚጣልበት መሬት ገላጣ መሆን አለበት። የሚፈለፈሉት ልጆች ግን ወዲያው የሚበሉት ለምለም ቅጠል ያስፈልጋቸዋል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ላይ የሚገኙት ቁጥቋጦና ሣሩ እዚህም እዚያም ተበታትኖ፥ በመካከሉ ባዶ አሸዋ በሚታይበት ሥፍራ ነው። ከዝናብ በኋላ ኩርንችት የሚበቅልበት አሸዋማ ሜዳ፥ የደረቅ ወንዝ ዳርቻ፥ በጎርፍ የሚለማ የቡልቱግ ማሳ እንዲህ ያሉ ናቸው። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ረጅም ሣር ወይም እንደ ድንጋይ የጠጠረ መሬት እንቁላል ለመጣል አይመረጥም። የልማት ሠራተኛው አንበጣ ፍለጋ ሲወጣ ይህን ቢያስታውስ ግማሽ ድካሙ ይቀልለታል። ሰፊውን በረሓ ሁሉ መዞር አያስፈልግም፤ ዝናብ የት እንደዘነበና የት እንደለመለመ ከከብት ጠባቂዎች ጠይቆ ወደዚያ መሄድ ይበቃል። ለከብቱ ግጦሽ የሚሆን የቱ እንደ ሆነ የሚያውቅ እረኛ ለአንበጣውም የሚሆነውን ያውቃል።

ብቸኛው አንበጣ እንዴት እንደሚሰወር

ቁጥሩ አነስተኛ ሲሆን አንበጣው ለየብቻው ይኖራል፤ እንዲያውም ሌላውን አንበጣ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ብቸኛ አንበጣ እንለዋለን። ብቸኛው ኩብኩባ በለምለም ሥፍራ ሲያድግ መልኩ አረንጓዴ ነው፤ ከሚበላው ቅጠል ጋር አንድ ይመስላል። ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ቡናማና ገለባ መሳይ የሆኑት ይበዛሉ። ክንፍ አውጥቶ ሙሉ አንበጣ ሲሆን የአሸዋና የዐመድ መልክ ይይዛል፤ በክንፉም ላይ ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት። እነዚህ ነጠብጣቦች በጠጠርና በደረቅ ቅጠል መካከል ሲታዩ የሰውነቱን ቅርጽ ይሰብሩታል። ዓይን አንድ ሙሉ ፍጥረት ከማየት ይልቅ ጥቂት ጠጠርና ጥላ ያየ ይመስለዋል። በዓይኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጠባብ መስመሮችም አሉ።

መልኩ ብቻውን ግን አያድነውም፤ ጠባዩም ያግዘዋል። ኩብኩባው ሰው ወይም ወፍ ሲቀርበው ወዲያው አይዘልም። ግንዱን እንደ ያዘ ወደ ማዶ ዞሮ ይደበቃል፤ እናንተም ብትዞሩ እርሱ ደግሞ ይዞራል። ልጆች ይህን እንደ ጨዋታ ያውቁታል። ክንፍ ያወጣው ብቸኛ አንበጣ ቀን ቀን በገላጣው አሸዋ ላይ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ የሚነሣው እግራችሁ ሊረግጠው ሲቃረብ ብቻ ነው። ጥቂት በርሮ መልሶ ያርፍና እንደገና ይጠፋችኋል። ረጅም መንገድ የሚሄደው በሌሊት ነው። ስለዚህ ብቸኛው አንበጣ በአንድ አገር ውስጥ እያለ ለነዋሪው የሌለ ይመስላል።

ፍለጋው ይህን ጠባይ የተከተለ መሆን አለበት። በመኪና ሆኖ መስኮት ላይ መመልከት ከንቱ ነው። በእግር ቀስ ብሎ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ እርምጃ መሄድ፥ ከፊት የሚነሡትን መቍጠር፥ ከዚያም የቁጥቋጦውን ሥር ገልጦ ማየት ይገባል። በአንድ ሥፍራ የተገኘው ቍጥር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሥፍራ ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር ነው ትርጉም የሚሰጠው።

መሸሸጉን የሚተውበት ጊዜ

ዝናቡ ደግ ሆኖ አንበጣው ከተራባ በኋላ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ለምለሙ መሬት እየጠበበ ይሄዳል። ተበታትነው የነበሩት አንበጣዎች ሳይወዱ በግድ በቀሩት ጥቂት ለምለም ቦታዎች ላይ ይሰበሰባሉ። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ተጨናንቀው እርስ በርሳቸው ይተሻሻሉ፥ ይጋፋሉ። ነገሩ ሁሉ የሚለወጠው በዚህ መተሻሸት ነው። ተመራማሪዎች የብቸኛውን አንበጣ የኋላ ጭን በትንሽ ብሩሽ ደጋግመው በመነካካት ብቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጠባዩ ተለውጦ ወደ ሌሎች አንበጣዎች የሚቀርብ እንደሚሆን አሳይተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ደግሞ ይህን ለውጥ የሚቀሰቅሰው በአንበጣው የነርቭ ሥር ውስጥ የሚበዛ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር መሆኑ ታወቀ። ይኸው ንጥረ ነገር በሰው አንጎል ውስጥም አለ።

ጠባዩ በሰዓታት ሲለወጥ መልኩ ግን ጊዜ ይወስዳል። ኩብኩባ ሲያድግ ቆዳው አብሮት ስለማያድግ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ አምስት ጊዜ ያህል ይገፈዋል። አዲሱ መልክ በይበልጥ የሚታየው ቆዳውን ሲገፍ ነው። ከዚህም በላይ ተጨናንቃ የኖረች እናት ጠባይዋን ለልጆቿ በእንቁላሉ ታወርሳለች፤ የእርሷ ልጆች ገና ሲፈለፈሉ ጥቁር ናቸው። የብቸኛዋ ልጆች ግን አረንጓዴ ሆነው ይወለዳሉ። እንግዲህ የአንድ አንበጣ አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንድ ዘር ናቸው ብሎ የሚያምን አይገኝም። ሊቃውንቱ ራሳቸው ለብዙ ዘመን የብቸኛውንና የባለ መንጋውን አንበጣ ልዩ ልዩ ዘር አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ቦሪስ ኡቫሮቭ የተባለው የነፍሳት ተመራማሪ ተጓዥ አንበጣ በሚባለው ዓይነት ሁለቱ መልኮች የአንድ ዘር መሆናቸውን አስረዳ፤ በኋላም የበረሓ አንበጣ እንዲሁ መሆኑ ተረጋገጠ።

ባለ መንጋው ኩብኩባ በመጀመሪያ ዕድሜው መላ ሰውነቱ ጥቁር ማለት ይቻላል። እያደገ ሲሄድ በጥቁሩ ላይ ቢጫ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጌጥ የተሳለበት ይመስላል። ክንፍ ሲያወጣ ሰውነቱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ነው። ይህ ገና ለርቢ ያልደረሰው ነው፤ አጥብቆ ይበላል፥ ሩቅም ይበርራል፥ እንቁላል ግን አይጥልም። ለርቢ ሲደርስ ይኸው ቀይ አንበጣ ቢጫ ይሆናል፤ የወንዱ ቢጫነት ከሴቷ ይደምቃል። ቢጫ መንጋ ያረፈበት አገር በቅርቡ እንቁላል ይጣልበታል ማለት ነው። የመንጋውን መጠን ለመናገር ሁሉም ይቸኩላል፤ ለሥራው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን መንጋው ቀይ ነው ወይስ ቢጫ የሚለው ወሬ ነው።

ለምንድን ነው ታዲያ መደበቅን የመሰለ መልካም ጥበብ ትቶ እንዲህ ጎልቶ የሚታይ መልክ የሚይዘው? እስቲ ከጠላቶቹ ወገን ሆነን እናስበው። አንድ ወፍ በሰፊ ሜዳ ላይ አንድ አረንጓዴ ኩብኩባ ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ይደክማል፤ ስለዚህ መደበቅ ያዋጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ መቶዎች ሆነው ሲርመሰመሱ ግን ማንኛውም ቅጠል አይሸሽጋቸውም፤ እንቅስቃሴያቸው ብቻ ያጋልጣቸዋል። በዚህ ጊዜ የሚጠቅማቸው መታየት ነው። ባለ መንጋው ኩብኩባ ብቸኛው የሚጠየፈውን መራራና መርዛማ ተክል ሳይቀር ይበላል። በሆዱ ያለው ቅጠልም ለሚበላው ለእንሽላሊት የማይስማማ ይሆናል። እንሽላሊቱ አንዱን ቀምሶ ከተጸየፈ በኋላ ጥቁርና ቢጫውን መልክ አይረሳውም፤ ሌሎቹንም ይተዋቸዋል። ንብም እንዲሁ በቢጫና በጥቁር መልኳ መናደፏን ታስታውቃለች። መልኩ በአንድ በኩል መሸሸጊያ፥ በሌላው በኩል ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው።

ማንም ሳያየው የተራባበት ዘመን

ይህ ትምህርት ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት በቅርብ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ፥ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባለ ዐውሎ ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ በደቡብ ዓረብ ምድር በሚገኘው ሩብ አል ኻሊ በሚባለው ሰው በማይኖርበት በረሓ ላይ ከባድ ዝናብ አወረደ። አሸዋው ረጠበ፥ ሣሩ ለመለመ። አንበጣው በዚያ ሦስት ትውልድ ተራባ። አረንጓዴው ኩብኩባ ጥቁር ሲሆን አይቶ የሚናገር እረኛም ሆነ የእርሻ ሠራተኛ በአጠገቡ አልነበረም። ሲመች በየትውልዱ ሃያ እጥፍ ሊበዛ የሚችል ፍጥረት መሆኑን ካሰብን የሦስት ትውልድ ውጤት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፤ 20 ጊዜ 20፥ እንደገና 20 ጊዜ 8000 ነው።

ከዚያ የወጣው መንጋ በየመንና በሶማልያ በኩል እየተራባ መጥቶ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ወደ አገራችን ገባ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፋር፥ በወሎ፥ በሰሜን ሸዋና በትግራይ ቆላማ ወረዳዎች ታየ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም በራያና በቆቦ ሜዳ የደረሰው ማሽላና ጤፍ በታጨደበት ሰሞን ተመልሶ መጣ። በኢትዮጵያ ይህን ያህል መንጋ ሲታይ በ25 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው እንደ ነበር ተነግሯል። ከዚያ በፊት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በደረሰው ወረርሽኝ በአገራችን 167,000 ቶን እህል እንደ ጠፋ ተመዝግቧል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚቀልብ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1962፥ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሓ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን በአንድነት ያቋቋሙት አንበጣው የአንዱን አገር ድንበር ከሌላው ስለማይለይ ነው።

አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል። አንዱ አንበጣ በቀን የሚበላው የራሱን ክብደት ያህል፥ ማለት 2 ግራም ገደማ ነው። ሲደመር ግን ያ መንጋ በአንድ ቀን የሚጨርሰው የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ይሆናል። ነፋስ ከረዳው በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚደረገው መከላከል ሁሉ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ መሮጥ ነው፤ አውሮፕላን ያለውም ቢሆን።

በመሬት ላይ ሳለ ግን ጊዜ አለ። እንቁላሉ በሞቃት ቆላ ከተጣለ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ይፈለፈላል። ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ቀን ይፈጃል። በእነዚህ ቀናት ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ በገላጣው ላይ ይሰበሰባል፥ ቀን በአንድ አቅጣጫ እየዘለለ ይጓዛል፥ ማታ ቁጥቋጦ ላይ ይሰፍራል። ትናንሾቹ በቀን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ቢሄዱ ነው፤ ትልልቆቹ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። ጥቁር ሆኖ ታይቶ ወሬው በሁለት ቀን ውስጥ ከደረሰ በጥቂት መድኃኒትና በጥቂት ሰው ይመለሳል።

ከሌሎች ጋር እንዳይምታታ

ጥቁር ፌንጣ ያየ ሁሉ አንበጣ መጣ ብሎ ቢጮኽ የወረዳው ሠራተኛ ሁለተኛ ሲጠሩት አይመጣም። ስለዚህ የሚያሳስቱትን ማወቅ ያስፈልጋል። ሣር በተቃጠለበት መሬት ላይ የሚኖሩ አንዳንድ የአፍሪካ ፌንጣዎች ከቃጠሎው በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ መልካቸው እንደ ከሰል ይጠቁራል። ይህ ያው የመሸሸግ ጥበብ ነው፤ በከሰል ላይ ጥቁር ሆኖ መሰወር። እነዚህ ተበታትነው ይቀመጣሉ፥ በአንድ አቅጣጫ አይጓዙም። የአንበጣው ጥቁር ኩብኩባ ግን በአረንጓዴ ሣርና በነጭ አሸዋ ላይም ጥቁር ነው፤ በብዛትም አብሮ ይሄዳል። ጥቁሩ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል ወይስ ይለያል ብሎ መጠየቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

በጦቢያ ተክል ላይ የሚገኙ ደማቅ መልክ ያላቸው፥ ሲነኳቸው የሚሸት ፈሳሽ የሚያወጡ ፌንጣዎችም አሉ። መልካቸው ያስፈራል እንጂ እህል አጥፊ መንጋ አይሆኑም። ልጆች እንዳይበሏቸውና እንዳይጫወቱባቸው መከልከል ብቻ ይበቃል። የዛፍ አንበጣ የሚባለው ደግሞ በግራር ላይ የሚኖር ትልቅ ዐመድማ አንበጣ ነው፤ ከብቸኛው የበረሓ አንበጣ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ለመለየት የኋላ ክንፉን መዘርጋት ነው፤ የዛፍ አንበጣ በኋላ ክንፉ ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት መሳይ መስመር አለበት፥ የበረሓ አንበጣ ግን የለበትም። በሁለቱም ጉሮሮ ሥር፥ በፊት እግሮች መካከል፥ ኪንታሮት የሚመስል ጉብታ ይገኛል። በብዙዎቹ የማሳ ፌንጣዎች ላይ ይህ ጉብታ የለምና ጥሩ መለያ ነው።

በኮሌጅ ሳለን የምንማርበት የነፍሳት ሣጥን ነበር። በመርፌ ተወግተው በተራ የተቀመጡት አንበጣዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ነበሩ፤ አረንጓዴውና ቢጫው ከሞቱ በኋላ ደብዝዞ ጠፍቷል። ስለዚህ ለወረዳ የሚላክ የሞተ አንበጣ ዘሩን እንጂ መልኩን አይናገርም። መልኩን በሕይወት ሳለ ማየትና ያን ጊዜውኑ መጻፍ ያስፈልጋል። በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚችል ሰው ቢያነሣ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ይሁን እንጂ አንዱን ከቅርብ ብቻ ሳይሆን ያረፉበትን መሬት ጭምር ያንሣ።

በተገኘ ጊዜ ምን ይደረጋል

ወሬው ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ፥ በእርሱም በኩል ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በዚያው ቀን መድረስ አለበት። የሚነገረውም የቦታው ስም፥ የታየበት ቀን፥ ክንፍ ያለው ወይም የሌለው መሆኑ፥ መልኩ፥ ተበታትኖ ወይም ተሰብስቦ መገኘቱ፥ የሸፈነውም መሬት በጥማድ ምን ያህል እንደሚሆን ነው። አረንጓዴ ኩብኩባ ተበታትኖ ቢታይ ለመርጨት አያስቸኩልም፤ በየሳምንቱ ተመልሶ ማየት ይገባል። አረንጓዴና ጥቁር የተቀላቀለ፥ ወይም በአረንጓዴው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የወጣበት ከታየ ለውጡ ተጀምሯል ማለት ነው፤ የእኔ ፍርድ በዚህ ጊዜ ከመዘግየት ይልቅ አንድ ቀን ቀድሞ መጮኽ ይሻላል የሚል ነው።

ቢጫ መንጋ አርፎ ሴቶቹ ሆዳቸውን በአሸዋ ውስጥ ተክለው ከታዩ ያ ቦታ በድንጋይ ወይም በእንጨት ምልክት ይደረግበት፥ ቀኑም ይጻፍ። መንጋው ሲሄድ ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ይረሳዋል፤ ከዐሥር ቀን በኋላ ጀምሮ ያን ቦታ በየቀኑ ማየት ግን ከማንኛውም መድኃኒት የበለጠ ዋጋ አለው። የእርሻ መሬት ከሆነ እንቁላሉ ሳይፈለፈል ማረስ ይጠቅማል፤ እንቁላሉ ወደ ላይ ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፥ ወፍም ይለቅመዋል። ለትናንሽ የኩብኩባ መንጋ በሚጓዝበት አቅጣጫ ቦይ ቆፍሮ ወደ ውስጡ መንዳትና በአፈር መድፈን የቆየ ዘዴ ነው፥ ዛሬም ይሠራል።

ቆርቆሮ መምታት፥ ጅራፍ ማጮኽና ጭስ ማጨስ ክንፍ ያወጣውን መንጋ ከማሳ ላይ ያስነሣዋል፤ በሰብሉ ላይ ሲያርፍ ዝም ብሎ የሚያይ ገበሬ የለምና ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ በጎረቤት ማሳ ላይ ማረፉ አይቀርም። በተለይ ሊመሽ ሲል ማባረር ጉዳት አለው። መንጋው ማታ በአንድ ቦታ ካደረ በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቀው ስለማይነሣ ለሚረጩት ሰዎች ይመቻል፤ ማታ የተበተነ መንጋ ግን ጠዋት አይገኝም። ማደሪያውን አይቶ ሌሊቱን ወሬ የላከ ሰው ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲመታ ከዋለው የበለጠ ረድቷል።

መድኃኒት በተረጨበት ቦታ የሞተ አንበጣ ለዶሮም ሆነ ለሰው ምግብ አይሁን። ከመረጨቱ በፊት ቀፎ ያላቸው ሁሉ ሊነገራቸው ይገባል፤ ቀፎውን ማታ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ዘግቶ ወደ ሌላ ሥፍራ ማራቅ ይቻላል፥ ከተረጨ በኋላ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም። የተረጨ ሣርም ከብት እንዲግጠው የሚፈቀድበትን ቀን የረጩት ሠራተኞች ሳይናገሩ ከቦታው አይሂዱ፤ ካልተናገሩም ገበሬው ይጠይቃቸው።